መርማሪው ምን ይበላል?

ጥላነሽ በየመን፣ በዐደን ከተማ፣ በአል-ዐሪሽ ባሕር ዳር ወዳለው ቤት ስትገባ ዋናው ሥራዋ አሮጊቷን ማብላት እንደሆነ ተነገራት። ቤት መጥረጉም ልብስ ማጠቡም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። “እናቴ ካልበላች ቤቱ እንደ መስታወት ቢያበራ ምን ይሠራልኛል?” አለቻት ሃዲል በስልክ። ሃዲል የአሮጊቷ አንድያ ልጅ ናት። ከባሏ ጋር ካይሮ ስለምትኖር መምጣት አልሆነላትም፤ ስትናገር ድምፅዋ ይሰበር ነበር።

አሮጊቷ ኢብቲሳም ይባላሉ። ባላቸው ሃጅ ፋሩቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሬቃ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሠሩ፣ ሳቂታ፣ ሆዳቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ምሳቸውን አጣጥመው በሉ፣ “እጅሽ ይባረክ” አሉ፣ ጋደም ልበል ብለው በዚያው ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስታቸው የቀረበላቸውን ምግብ ሁሉ እንደ ባዕድ ሰው ያዩታል። ሻይ በወተት ይጠጣሉ፤ ሩቲ የሚሉትን ትንሽ ዳቦ ጫፉን ነክረው ይቀምሳሉ፤ በቃ። ቀሚሳቸው ሰፋቸው። የእጃቸው አምባር ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ወጣ ወረድ እያለ ይንሿሿል።

ጥላነሽ ከወሎ፣ ከመርሳ በላይ ካለች መንደር ስትነሳ ሐሳቧ ሳዑዲ መግባት ነበር። በረሃውንም ባሕሩንም ከአገሯ ልጅ ከሰማኸኝ ጋር ተሻገረች። ዐደን ስትደርስ ግን ጉልበቷ ከዳት። ሰማኸኝ “ቀድሜ ገብቼ እጠራሻለሁ” ብሎ መንገዱን ቀጠለ፣ እሷም ክሬተር በሚባለው የዐደን ሰፈር ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበች ቀረች። የኢብቲሳም ጎረቤት ሰላህ ሚኒባስ ነጂ ነው፤ ቁርሱን እዚያ ምግብ ቤት ስለሚበላ ልጅቷን ያውቃታል። ለሃዲል ስለ እሷ ሲነግራት “ድምፅ የላትም፣ የታዘዘችውን ትሠራለች” አለ። እውነቱን ነው። ጥላነሽ በገባችበት ቤት ሁሉ መግባቷንም መውጣቷንም ልብ የሚል አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የምታውቀውን ሁሉ ሠራች። ሩዙን፣ አሳውን፣ ሾርባውን፣ ምስሩን ሞከረች። አሮጊቷ “ሹክረን፣ ያ ቢንቲ”፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ብለው ሳህኑን በጣታቸው ጫፍ ይገፉታል። ጥላነሽ ሳህኑን እንዳቀረበችው ታነሳና ወጥ ቤት ገብታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ትበላዋለች። የተረፈ መብላት ለእሷ አዲስ አይደለም። አገሯ ሳለችም ከወንዶቹ፣ ከእንግዶቹ፣ ከታናናሾቿ በኋላ የምትበላ ልጅ ነበረች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብርጭቆ ከእጇ አመለጣት። “ውይ፣ ድረሽልኝ!” አለች ሳታስበው።

ከሳሎኑ አንድ ድምፅ በአማርኛ መለሰ። “ምን ሰበርሽ?”

ጥላነሽ ስብርባሪውን እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሳሎኑ በር ብቅ አለች። ከአሮጊቷ በቀር ማንም አልነበረም።

“እትዬ፣ አማርኛ ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ እንጂ! ደሴ ነው የተወለድኩት። ሙች!” አሉ እትዬ ኢብቲሳም።

አባታቸው ደሴ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ የመናዊ ነበሩ። እትዬ ኢብቲሳም ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዐደን ተሻገረ፤ አማርኛቸውም በዚያው ዕድሜ ላይ ቆመ። ሰባ የተጠጋቸው ወይዘሮ “አኮረፍኩሽ”፣ “ውሸታም”፣ “እንወራረድ” እያሉ እንደ ሰፈር ልጅ ያወራሉ። ጥላነሽ በዚያ አፍ ስትጠራ እናቷ የምትሆን ሴት ሳትሆን አብራ ውኃ የምትቀዳ እኩያዋ የጠራቻት ይመስላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ወሬ ተጀመረ። መብሉ ግን እንደተገፋ ነው።

በዐደን መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። እትዬ ኢብቲሳም ቤት ግን ሃጅ ፋሩቅ በሕይወት ሳሉ ጣራው ላይ የሰቀሉት ሶላር አለ። ፀሐይ እስካለች ድረስ ባንካ የሚሉት የጣራ ማራገቢያ ይዞራል፣ ቴሌቪዥኑም ይሠራል። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ የባሕሩ ብርሃን በመጋረጃው ሾልኮ ኮርኒሱ ላይ እንደ አሳ መንጋ ሲርመሰመስ፣ እትዬ ኢብቲሳም ትራሳቸውን ተደግፈው አንድ የወንጀል ድራማ ይከታተላሉ። ታሪኩ በአንዲት ስሟ በማይታወቅ የወደብ ከተማ ነው። አንድ የመርከብ ባለቤት በገዛ ግቢው ኩሬ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። መርማሪው ጃዊድ ቀጭን፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው፤ ገዳዩን ሲያሳድድ ይውላል።

አንድ ከሰዓት ጥላነሽ የሾርባ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሳለ፣ ጃዊድ ደክሞት ቤቱ ገባ። ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ትክ ብሎ አየው፣ መልሶ ዘጋው። መብራቱን ሳያበራ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

“ምስኪን። ዛሬም አልበላም” አሉ እትዬ ኢብቲሳም።

ጥላነሽ ያን ጊዜ የመጣላትን ጥያቄ ከየት እንዳመጣችው ኋላም አላወቀችም። “ምን ቢያገኝ ይበላ ነበር?”

እትዬ ኢብቲሳም ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ነቅለው አዩዋት። ባንካው ቀስ ብሎ ይዞራል።

“ደረቅ አሳ” አሉ በመጨረሻ። “ደረቅ አሳና ትኩስ ሩቲ። ቆሞ። ሰው የሞተበት ሰው ተቀምጦ መብላት ያሳፍረዋል። ቆሞ ከሆነ ግን፣ አልበላሁም ማለት ይችላል።”

በማግስቱ ጥላነሽ ደረቅ አሳ ገዛች፣ በምጣድ አሙቃ ፈተፈተችው፣ ቲማቲሙን ከብስባስ ጋር፣ ማለት ከቃሪያው ጋር፣ ወቅጣ ሰሃዊቅ አበጀች፣ ሩቲውን ከዳቦ ቤቱ በትኩሱ አመጣች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችም። መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል አኖረችው።

“የማን ነው?” አሉ እትዬ ኢብቲሳም።

“የጃዊድ ምሳ ነው።”

አሮጊቷ ተነሡ። ወደ መስኮቱ ሄዱ። ባሕሩን እያዩ፣ አንድ ጉርሻ፣ ቀጥሎ ሌላ ጉርሻ በሉ። ጥላነሽ እንዳታስደነግጣቸው ትንፋሿን ዋጠች። ሳህኑ ሲጎድል አሮጊቷ ዞር ሳይሉ፣ “ይሄ እቃቃ ነው፤ አይደል?” አሉ።

“እቃቃ ነው፣ እትዬ።”

“ደሴ፣ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር በጭቃ ወጥ ሠርተን ነበር እቃቃ የምንጫወት። ነገም እንጫወታለን?”

ነገም ተጫወቱ፤ ከነገ ወዲያም። ድራማው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ወደ ቤቱ ምሳ ሊበላ መጣ። የጃዊድ አለቃ ወፍራም ነው፣ ሁሉን አውቃለሁ ይላል፣ ግን የሆነ ነገር ይደብቃል። እትዬ ኢብቲሳም ለእሱ ዙርቢያን ፈረዱለት። “ላዩ ሩዝ ብቻ ነው የሚመስልሽ፤ ሥጋው ከሥር ነው። እንዲህ ያለ ሰው በማንኪያ ካልቆፈርሽው አይገኝም” አሉ። ጠበቃው ደግሞ ሁለት ምላስ አለው። ለእሱ የመጣለት በብዙ ዘይት የተጠበሰ ሳንቡሳ ነው፤ ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ ምስር፣ ከውጭ የማይለይ። ሬሳ የምትመረምረው ሐኪም ሩባ ትባላለች። ረጋ ያለች፣ ነጭ ልብሷ የማይቆሽሽ ሴት ናት። እትዬ ኢብቲሳም ከሁሉ አብልጠው ይወዷታል። “ቀኑን ሙሉ ሞት ስታይ ትውላለች፤ ቤቷ ስትገባ ጣፋጭ ያምራታል” ብለው ፈታ አዘዙላት። ጥላነሽ ትኩሱን ዳቦ ከሙዝና ከቅቤ ጋር ፈትፍታ ማር ታፈስበታለች፤ እትዬ ኢብቲሳምም የሩባን ድርሻ ጣታቸውን እየላሱ ይጨርሳሉ።

ሁለቱ ሴቶች በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በሚርመሰመስ ብርሃን ውስጥ የትኛው የቤታቸው ሰው፣ የትኛው የቴሌቪዥኑ ሰው እንደሆነ መለየት እያቃታቸው መጣ። ጥላነሽ ቀትር ላይ ሸለብ ሲያደርጋት ጃዊድ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ “ጨው አነሰው” ይላታል። እሷም በሕልሟ ጨው ትጨምርለታለች። ስትነቃ እጇ ላይ የጨው ፍርፋሪ ያለ ይመስላትና መዳፏን ታያለች። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲረጋ የሳሎኑ ምንጣፍ ራሱ ውኃ ይመስላል። እትዬ ኢብቲሳም ዓይናቸውን ጨፍነው “ዛሬ ማን ነው የመጣው?” ሲሉ፣ ጥላነሽ በእግሯ ጣት ተራምዳ፣ “ጠበቃው ነው፣ እትዬ። ጫማውን እያወለቀ ነው” ትላለች።

ሃዲል ከካይሮ በቪዲዮ ስትደውል የእናቷ ጉንጭ ሞላ ብሎ አየች። “ምን አድርጋልሽ ነው?” ብላ ጠየቀች። “እኔ ምን በላሁ? ፖሊሶቹ ናቸው የሚበሉት” አሉ እትዬ ኢብቲሳም። ሃዲል አልገባትም። ደስ ስላላት ግን አልመረመረችም።

ድራማው ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ገዳዩ ማን ነው የሚለው ወሬ ሰፈሩን ሞላው። ሰላህ የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ እየተከራከሩ መውረጃቸውን እንደሚያልፉ ነገራቸው። እትዬ ኢብቲሳም ግን የራሳቸው ግምት ነበራቸው።

“ዘኪ ነው” አሉ አንድ ከሰዓት።

ዘኪ የሟቹ ሾፌር ነው። ዝም ያለ ሰው ነው። ለሁሉም በር ይከፍታል፣ ሁሉም ከገባ በኋላ ይዘጋል።

“እሱ ምን አደረገ?” አለች ጥላነሽ።

“አየሽ፣ የሁሉንም ምሳ አግኝተናል። የእሱን ግን አላገኘንም። ለምን? ከመጀመሪያው ጀምሮ ስንት ጊዜ አየነው፤ አንድ ቀን ሲበላ አላየነውም። ውኃ እንኳ ሲጠጣ አላየነውም። የሚወደው የማይታወቅ ሰው ይፈራል። እንወራረድ፤ ገዳዩ እሱ ነው።”

ጥላነሽ የሐኪሟን ሳህን አነሣችና ወጥ ቤት ገባች። ለራሷ ያስቀረችው ሩዝ ድስቱ ጠርዝ ላይ ነበር፤ አየችው፣ መብላት ግን አቃታት። ለምን እንደከፋት ለራሷም ማስረዳት አልቻለችም። ጨዋታ ነው፤ ዘኪ የሚባል ሰው የለም። ቢሆንም ድስቱን ከድና ተወችው።

ሲመሽ ስልኳ ላይ የሰማኸኝ ድምፅ ተልኮ አገኘች። “ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሥራም አለ። የሚያሻግሩሽ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ልብሽን አዘጋጂ” ይላል። ጥላነሽ ድምፁን ደግማ ሰማችው። ከዚያ ሻንጣዋን ከአልጋዋ ሥር ስባ አወጣችና ከፍታ ተወችው።

በማግስቱ ረፋድ እትዬ ኢብቲሳም “ዛሬ ማን ነው የሚመጣው?” አሉ እንደ ልማዳቸው። መልስ ሲያጡ ተነሥተው የጥላነሽ ክፍል ድረስ ሄዱ። የተከፈተውን ሻንጣ አዩት።

“ልትሄጂ ነው?”

“አላወቅኩም፣ እትዬ።”

“አኩርፈሽ ነው። አውቃለሁ፤ ትናንት አኩርፈሻል። ምን አደረግኩሽ?”

ጥላነሽ ሻሿን እያፍተለተለች ቆየች። ሰው ፊት ስለ ራሷ ነገር ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

“እኔንም እኮ ስበላ አይተውኝ አያውቁም” አለች።

የእትዬ ኢብቲሳም አምባር ዝም አለ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ሃጅ ፋሩቅ ከሞቱ ወዲህ ረግጠውት የማያውቁት ወጥ ቤት ውስጥ ገቡ። ጥላነሽ ተከተለቻቸው። አሮጊቷ ቁምሳጥኑን ከፍተው ዕቃ ያንኳኩ ጀመር። እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚወጡትን፣ ዙሪያቸው ሰማያዊ የሆኑትን ሁለት ሳህኖች አወጡና ሳሎን ወስደው ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

“ይሄ ፕሌት ያንቺ ነው” አሉ። “ተቀመጪ።”

ጥላነሽ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ምን ትወጃለሽ?”

“የተገኘውን።”

“የተገኘውን የሚባል ምግብ የለም። ምን ትወጃለሽ?”

ጥላነሽ አሰበች። ምስር? በልታዋለች። አሳ? እሱንም በልታዋለች። ጀልባው ላይ ብስኩት በልታለች፤ ክሬተር ሰው የተወውን ሁሉ በልታለች። የበላችው ሁሉ ፊቷ ተደረደረ፤ “ይሄ የኔ ነው” የምትለው ግን አልነበረም። ፈራች። የራሷን ስም የረሳች መሰላት።

“አላውቀውም” አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እትዬ ኢብቲሳም በመሐረባቸው የልጅቷን ጉንጭ ጠረጉ። “እንግዲያው ይመረመራል” አሉ። “ሰላህን ጥሪው።”

“እትዬ፣ ዛሬ እኮ የድራማው መጨረሻ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ።”

“ይጠብቀን። ካልጠበቀም ይለፍ።”

እትዬ ኢብቲሳም ከባላቸው ሐዘን በኋላ ከበር ወጥተው አያውቁም ነበር። ጥቁር አባያቸውን ለበሱ፣ የጥላነሽን ክንድ ጨበጡ፣ በሰላህ ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ባሕሩን ታክኮ ሄደ፤ ከዚያ ጥቁሮቹን ተራሮች ሰንጥቆ ወደ ክሬተር ገባ። አሮጊቷ መስኮቱን አውርደው እንደ ልጅ አገጫቸውን አስደገፉበት። የቤቶቹ ሰገነት፣ የተሰጣው ልብስ፣ የሰዉ ግርግር በሙቀቱ ውስጥ እየተንሳፈፈ ያልፋል። “ሁሉም አለ እንዴ?” አሉ ለራሳቸው። “እኔ የቆመ መስሎኝ ነበር።”

ምርመራው ከሐልዋ ሻጩ ተጀመረ። ሻጩ ከትኩሱ ቆርሶ ሰጣት። እትዬ ኢብቲሳም ፊቷን እንደ ፖሊስ አዩት።

“እ?”

“ጥሩ ነው።”

“ጥሩ ነው የእንግዳ መልስ ነው። እሱን አልጠየቅኩም።”

ከዚያ ባጂያ የሚሉትን የባቄላ ጥብስ ቀመሰች። ጥሩ ነው። ሲራ ወደሚባለው የአሳ አስጋሪዎች ዳርቻ ወርደው፣ አሮጌው ምሽግ ከተቀመጠበት አለት ሥር፣ ከጀልባው የወረደ አሳ አስጠብሰው አቀመሷት። ጥሩ ነው። ተምር፣ ኮኮናት፣ ፓፓያ፣ የተጠበሰ ጉበት፤ ሁሉም ጥሩ ነው። ጥላነሽ ሆዷ ሞላ፤ ላብ አጠመቃት፤ የሰው ጊዜ ያባከነች እየመሰላት ተሳቀቀች። “እትዬ፣ እንመለስ። እኔ ምንም የምወደው የለኝም ይሆናል” አለች።

“ምላስሽ ተጠርጣሪ ናት፤ ዝም ማለት መብቷ ነው” አሉ እትዬ ኢብቲሳም። ሰላህ መሪውን ተደግፎ ሳቀ።

ወደ መኪናው ሲመለሱ አንዲት ሴት ዣንጥላ ሥር ተቀምጣ ያልበሰለ ማንጎ ትቆርጣለች። አረንጓዴውን ማንጎ በቀጭን በቀጭኑ ከትፋ፣ ጨው ነስንሳ፣ የተወቀጠ ብስባስ ጨምራ፣ ሎሚ ጨምቃ በወረቀት ኩባያ ትሰጣለች። እትዬ ኢብቲሳም ደክሟቸው ስለነበር ጥያቄም ሳይጠይቁ አንድ ገዝተው ሰጧት።

ጥላነሽ አንድ ቁራጭ አፏ ውስጥ ከተተች።

መጀመሪያ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ጨመደዳት። ዓይኗ ተጨፈነ። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰበሰበ። መጎምዘዙ እስከ ጥርሷ ሥር ወረደ፤ ብስባሱ ተከትሎት መጣ፣ ጨው ከኋላ ያዛቸው። ምንም አላስታወሳትም። አገሯንም እናቷንም አላስታወሳትም። ከማንም አልተረፈም፤ አዲስ ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ የሲራ ባሕር ከቅድሙ ይልቅ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃት። ሁለተኛውን ቁራጭ ወሰደች። ሦስተኛውን። ሰላህ አንድ ነገር ሲናገር አልሰማችውም።

“እስቲ እኔም ልቅመስ” አሉ እትዬ ኢብቲሳም፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው።

ጥላነሽ ሳታስበው ኩባያውን ወደ ደረቷ ሸሸገችው።

ጥላነሽ ያደረገችው ሲገባት ፊቷ በሐፍረት ነደደ። እትዬ ኢብቲሳም ግን አንድ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ይስቁ ጀመር፤ እስኪያነቡ ድረስ፣ ማንጎ ሻጯ ግራ ገብቷት ቢላዋዋን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቁ።

“ተያዘች!” አሉ። “ሰላህ፣ ምስክር ነህ። ተያዘች! እኔ ማር መስላኝ ነበር እኮ። ኮምጣጣ ናት! እልኸኛ ናት!”

ጥላነሽም ሳቀች። አፏ እየተቃጠለ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ በአደባባይ ጮክ ብላ ሳቀች። ሰላህ ኋላ ላይ “ድምፅ የላትም ያልኩት ተሳስቼ ነው” ብሏል።

አል-ዐሪሽ ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘንብላ፣ ድራማው አልቆ ነበር። የሰላህ ሚስት ናፊሳ በር ላይ ጠበቀቻቸው። “የት ሄዳችሁ እንዲህ ባለ ቀን? ሩባ ናት! ሐኪሟ ናት የገደለችው!” አለች።

“ውሸታም!” አሉ እትዬ ኢብቲሳም።

“ወላሂ! በመርፌ ነው የገደለችው። እየሳቀች ተናዘዘች።”

እትዬ ኢብቲሳም ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። “ያን ሁሉ ቀን ማሯን በላሁላት” አሉ። ቀጥለው ዘወር ብለው ጥላነሽን አዩዋት፤ ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ። “ዘኪን በከንቱ ከሰስኩት። ሳያዩ መፍረድ ነው። አንቺም ይቅር በይኝ” አሉ። ጥላነሽ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ዳሰሰች፤ ከዚያ ደግፋ አስነሣቻቸው።

በዚያው ሳምንት ሰማኸኝ ደወለ። “አልመጣም፤ አሁን አይደለም” አለችው።

“ምን አግኝተሽ ነው?”

“ማንጎ” አለችው።

ሰማኸኝ ያበደች መሰለው። ቀስ ብላ ስታስረዳው ግን ዝም ብሎ ሰማት። መጨረሻ ላይ፣ “እኔ ምን እንደምወድ ጠይቂኝ እስቲ” አለ። ጠየቀችው። መልሱን እያሰበ ሳለ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ምሳ የሚበላው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለት ሰማያዊ ሳህን ቀርቦ ነው። ጥላነሽ ለራሷ ምላስ ማብሰል ጀመረች። ድራክ የሚሉትን ትልቅ አሳ ተምር ሂንዲ በሚሉት በሁመር ጭማቂ ዘፍዝፋ፣ ያልበሰለ ማንጎ ጨምራ ቀቀለችው። እትዬ ኢብቲሳም መጀመሪያ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ከዚያ ጨመሩ። ሽታው አጥር ዘሎ ናፊሳ ጋ ደረሰ፤ ናፊሳ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ድስቷን ይዛ መጣች። ሃዲል በመጨረሻ ከካይሮ ስትመጣ፣ ተደግፋ የምትቆም በሽተኛ እናት ጠብቃ ነበር። ያገኘቻቸው ወጥ ቤት ውስጥ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማንጎ ሲልጡ ነው። “ካይሮ ልውሰድሽ” አለቻቸው። “ሥራ አለኝ” አሏት። ሃዲል ሄዳ ጥላነሽን ለብቻዋ ወጥ ቤት ውስጥ አቀፈቻት።

ሥራ ያሉት እውነት ሆነ። ወደ ጎዳናው የሚከፈተውን፣ ሃጅ ፋሩቅ መፍቻና ቧንቧ ያከማቹበት የነበረውን ክፍል አጸዱት። የምሳ ሰዓት ደርሶ የባሕር ዳሩ ሰው ሲርበው፣ የጥላነሽ ኮምጣጣ አሳ በመስኮቱ እንዲሸጥ ተስማሙ። ለጥላ እንዲሆን ብርቱካናማ ሸራ ገዙ፤ ሰላህ በአራት እንጨት ወጠረው።

በተከፈተበት ቀን ሰው ተሰለፈ። ጥላነሽ ጭልፋ ይዛ መስኮቱ ላይ ቆማለች፤ እትዬ ኢብቲሳም ከውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያስተናብራሉ። ያን ጊዜ የባሕሩ ነፋስ ተነሣ። ሸራው አንዴ ተነፋ፣ ሁለቴ ተነፋ፣ ከዚያ ገመዱን በጥሶ ወደ ሰማይ ወጣ። ተሰላፊው ሁሉ አንጋጠጠ። ብርቱካናማው ነገር ከአሸዋው በላይ፣ ከጀልባዎቹ በላይ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ ሳይቸኩል ሄደ፤ ሩቅ ደርሶ ውኃው ላይ ተኛ። ሁለት ሰዎች ሮጠው ባሕር ውስጥ ገቡ። እትዬ ኢብቲሳም በርጩማቸው ላይ ቆመው “ወደ ግራ! ወደ ግራ!” እያሉ በአማርኛ ይጮኻሉ፤ ማንም አልገባውም። ጥላነሽ በመስኮቱ ግማሽ አካሏ ወጥቶ፣ ከጭልፋዋ መረቁ እየተንጠባጠበ፣ በሳቅ ፈረሰች። ሸራው እየተንጠፈጠፈ ተመለሰ፣ አጥሩ ላይ ተሰጣ። የቀረውን ቀን ያለ ጥላ ሸጡ፤ ሰዉም እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ በፀሐይ ቆሞ በላ።